ከቁርጠት እስከ ቀዶ ጥገና፤ የሆድ ገበር ሕመም ታሪክ

በ1902 ዓመት በጁን ወር የለንደን ከተማ ለንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የዘውድ በዓል ተሰናድታ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ከየአህጉሩ ለበዓሉ ከተላኩት መልእክተኞች መካከል የዳግማዊ ምኒልክ እንደራሴ የነበሩት የሐረሩ ገዢ ራስ መኰንን ይገኙበታል። በዓሉ ለጁን 26 ቀን ተቀጥሮ ሳለ፣ ሁለት ቀን ብቻ ሲቀረው፣ ንጉሡ በጽኑ መታመማቸውና በቤተ መንግሥታቸው ውስጥ የሆድ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው መሆኑ ተነገረ። በዓሉም ተላለፈ። ከውጭ አገር እንግዶች አብዛኞቹ ወደየአገራቸው ተመለሱ።

የታሪክ መጻሕፍት ይህን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። ነገር ግን ከዚያ 20 ዓመት ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ የሚተላለፈው የዘውድ በዓል ሳይሆን የሚቀጥለው የቀብር ሥነ ሥርዓት በሆነ ነበር። እስከዚያ ዘመን ድረስ ትናንት እርሻ ሲያርስ፣ ንግድ ሲነግድ ወይም ጦር ሲመራ የዋለን ጤነኛ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚገድለው ሕመም ስሙ እንኳ በቅጡ አይታወቅም ነበር። የዚህ ሕመም ታሪክ ከመድኃኒት ታሪክነቱ ይልቅ የሰዓትና የመንገድ ታሪክ ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ለእኛ አካባቢ፣ ከደጋው እስከ ጅቡቲ ወደብ ላለው አገር፣ ይህ ይበልጥ እውነት ነው።

በመጀመሪያ ስለ አካሉ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በግ ሲታረድ ቆሞ ያየ ሁሉ የሆድ ዕቃው ተከፍቶ አንጀቱ ከመውጣቱ በፊት የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ማየቱን ያስታውሳል። ይህ ሽፋን የሆዱን ግድግዳ ከውስጥ እንደ ገበር ለብሶ፣ ተመልሶም አንጀቱን፣ ጨጓራውንና ጉበቱን ይጠቀልላል። ሐኪሞች ፔሪቶኒየም ይሉታል፤ እኛ የሆድ ገበር እንበለው። ቢዘረጋ ስፋቱ ከሰውየው ቆዳ ስፋት ጋር የሚቀራረብ ነው። ሞራ የምንለው፣ ሞራ ገላጮች ዘርግተው ዕድል ያነቡበት የነበረው ስብ ያዘለ መጋረጃም የዚሁ ገበር እጥፋት ነው። ሞራ ገላጩ በሞራው ላይ የመጪውን ዘመን ነገር ይፈልግ ነበር፤ ቀዶ ሐኪሙ ግን ያለፉትን ሁለትና ሦስት ቀናት ታሪክ ያነብበታል። በሆድ ውስጥ አንድ ቦታ ሲቆጣ ወይም ሲበሳ ሞራው ወደዚያው ተጠግቶ ይጣበቅና ጉዳቱን ለመክበብ ይሞክራልና። ከቻለ መግሉ በአንድ ስፍራ ታጥሮ ይቀራል። ካልቻለ በአንጀት ውስጥ ያለ ጉዳት ይኖር የነበረው ባክቴሪያ በገበሩ ሁሉ ላይ ይፈስሳል፤ የቆዳን ያህል ስፋት ያለው ነገር በአንድ ጊዜ ይቆስላል ማለት ነው።

ይህን ሕመም ከሌላው የሆድ ሕመም የሚለይ አንድ ምልክት አለ። ተራ ቁርጠት ያለበት ሰው ይንፈራገጣል፤ ይነሣል፣ ይተኛል፣ ሆዱን ይዞ ይንከባለላል። ገበሩ የተቆጣ ሰው ግን ጉልበቱን አጥፎ ጸጥ ብሎ ይተኛል፤ ሳል እንኳ ይፈራል፤ ሆዱ ሲነካ እንደ ሳንቃ ይጠነክራል። ታዲያ ብዙ ሰው ጸጥታውን ሲያይ ተሻለው ይላል። እኛ መምህራን «ሆዴን አመመኝ» የሚለውን ቃል በየሳምንቱ የምንሰማ በመሆናችን የሚንፈራገጠውን አምነን ጸጥ ያለውን ልናልፈው የምንችል ሰዎች ነን።

የጥንት ሐኪሞች ምልክቱን ያውቁት ነበር፤ ቦታውን ግን አያውቁም። በፓሪስ ዣቪዬ ቢሻ በ1800 ገደማ የሰውነትን ሽፋኖች አንድ በአንድ ለይቶ ሲጽፍ የገበሩ ቁጣ ከአንጀቱ ቁጣ የተለየ ሕመም መሆኑን አሳየ። ወጣቱ ላኤኔክ፣ በኋላ የማዳመጫ መሣሪያን የፈለሰፈው፣ በ1802 ስለዚሁ ሕመም ጻፈ። ስም ማውጣት ግን ማዳን አይደለም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ይሰጥ የነበረው ሕክምና ኦፒየም ነበር፤ በኒው ዮርክ አሎንዞ ክላርክ የተባለው ሐኪም በብዛት እንዲሰጥ ያስፋፋው እርሱ ነው። ኦፒየም ሥቃይን ያስታግሣል፣ አንጀትንም ያስተኛል። አንዳንዱ በሞራው ብርታት ተረፈ፤ ሌላው ሥቃዩ ተሸፍኖለት ሞተ። በቤት ውስጥ ደግሞ የአውሮጳ እናቶች ለሆድ ሕመም ሁሉ የሚሰጡት የጉሎ ዘይት ነበር። ሊፈነዳ የደረሰ አንጀት ላይ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መጨመር ምን እንደሚያስከትል ለመገመት ሐኪም መሆን አያሻም።

የፈረንሳዩ ታላቅ ፖለቲከኛ ሌዎን ጋምቤታ በ44 ዓመቱ በ1882 የመጨረሻ ቀን ሲሞት ዙሪያውን የከበቡት የፓሪስ ዕውቅ ሐኪሞች ነበሩ። ተማከሩ፣ ጠበቁ፣ አልቀደዱም። አስከሬኑ ሲመረመር የበሽታው ምንጭ ትርፍ አንጀት መሆኑ ታየ። ከአራት ዓመት በኋላ በቦስተን ሬጂናልድ ፊትስ 257 የትርፍ አንጀት መበሳት ታሪኮችን ሰብስቦ፣ ብዙው የገበር መግል የሚነሣው ከዚች ትንሽ ጭራ መሆኑንና በጊዜ መቀደድ እንደሚገባ አስረዳ። ቻርልስ ማክበርኒ በ1889 ሕመሙ የሚጠናበትን፣ ከእምብርት በስተቀኝና በስተታች ያለውን ነጥብ አመለከተ። ዛሬም የሕክምና ተማሪ ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ይኸው ነው።

ኤድዋርድ 7ኛን የቀደደው ፍሬድሪክ ትሬቭስ ቀደም ሲል ሕመሙ እስኪበርድ ጠብቆ መቅደድ ይሻላል ከሚሉት ወገን ነበር። በ1900 ግን የገዛ ልጁን ይኸው የትርፍ አንጀት ሕመም ነጠቀው። ንጉሡ ሕመሙ በጀመራቸው በአሥረኛው ቀን ገደማ፣ በዓሉ ሳይፈጸም አልቀደድም ብለው ሲከራከሩ፣ ትሬቭስ አጥብቆ የተናገራቸው በዚህ ምክንያት ይሁን አይሁን አንባቢ ይፍረድ። ጁን 24 ቀን ሆዳቸው ተከፈተ። ሞራው ሥራውን ሠርቶ ስለነበር መግሉ ታጥሮ ተገኘ፤ መግሉን አፈሰሰ፤ ትርፍ አንጀቱን ግን አልነካም። ንጉሡ ኦገስት 9 ቀን ዘውድ ጫኑ፤ ከዚያም ወደ 8 ዓመት ገደማ ነገሡ። በዚያው በ1902 በኖቬምበር ወር የቢጫ ወባን በወባ ትንኝ መተላለፍ ያረጋገጠው አሜሪካዊው ሐኪም ዋልተር ሪድ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ በ51 ዓመቱ ሞተ። እርሱም ተቀዶ ነበር፤ ጊዜው ግን አልፏል። አንዱ ንጉሥ፣ አንዱ ሐኪም፤ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት የገንዘብም የዕውቀትም አልነበረም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በአገራችን ጤነኛ ሰው በድንገት ሆዱን ይዞ ሲሞት ስም አይጠፋም ነበር፤ ይልቁንም ስም በዛ። ቁርጠት ነው፣ ምች ነው፣ ቡዳ በልቶት ነው፣ ኮሶ ተነሥቶበት ነው ይባላል። ስም ካለ ምርመራ የለም። ጥሬ ሥጋ በሚበላ ሕዝብ መካከል በየሁለት ወሩ ያህል ኮሶ መጠጣት የተለመደ ነበርና ሆድ ሲያም ኮሶ መጠጣት እንደ አውሮጳው የጉሎ ዘይት የመጀመሪያው ነገር ሆነ። ኮሶ ለትሉ ጥሩ መድኃኒት መሆኑ የታወቀ ነው። የተቆጣን ትርፍ አንጀት ግን ከትል አይለይም።

እንዲህም ሆኖ በኛ አገር የገበር ሕመም ዋናው መንሥኤ ሁልጊዜ ትርፍ አንጀት አልነበረም። ዴኒስ በርኪት የተባለው በኡጋንዳ የሠራ ቀዶ ሐኪም አሰር የበዛበት ምግብ በሚበላ የአፍሪቃ ገጠር ሕዝብ ትርፍ አንጀት ብዙ አይታመምም ብሎ ጽፏል። የጎንደርና የሌሎች ሆስፒታሎቻችን ሐኪሞች በጥናቶቻቸው ደጋግመው ያነሡት የአንጀት መጠምዘዝን ነው። ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ ገበሬ ላይ ይደርሳል፤ አንጀቱ በራሱ ላይ ይዞራል፣ ደሙ ይቋረጣል፣ ይሞታል፣ ባክቴሪያውም በገበሩ ላይ ያልፋል። ከዚህም ሌላ የአንጀት ተስቦ ወይም ታይፎይድ አለ፤ በተለይ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ አንጀትን ይበሳል። የጨጓራ ቁስለትም እንዲሁ። ለቁስለቱ አብዛኛውን ጊዜ ተጠያቂው ባክቴሪያ መሆኑ የታወቀው ገና በ1980ዎቹ፣ በአውስትራሊያውያኑ በማርሻልና በዋረን ሥራ ነው። ትርፍ አንጀትም ዛሬ በከተሞቻችን ሆስፒታሎች ለድንገተኛ የሆድ ቀዶ ጥገና ከሚያደርሱት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ሆኗል።

ዘመናዊው ቀዶ ጥገና ወደ ደጋው ከገባባቸው በሮች አንዱ ጅቡቲ ነው። በ1896 ከአድዋ ጦርነት በኋላ ቁስለኞችን ለመርዳት የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ጣሊያኖች በምጽዋ እንዳያልፍ ስለከለከሉት በጅቡቲ ወርዶ በሐረር በኩል አዲስ አበባ ገባ። የሩሲያ ሆስፒታል እስከ 1906 ድረስ ሠራ። በሐረርም ራስ መኰንን ባቋቋሙት ሆስፒታል የጓዴሉፕ ተወላጁ ዶክተር ዮሴፍ ቪታልየን አገልግሏል። ሆኖም ቡድኑ አዲስ አበባ የደረሰው ከጦርነቱ ከወራት በኋላ ነው። እጁንና እግሩን የቆሰለ ወታደር እስከዚያ ሊቆይ ይችላል። ሆዱን የተመታ ሰው ግን ወር ቀርቶ ሳምንት አይጠብቅም። በዚያ ዘመን ለነገሩ በአውሮጳ ጦር ሜዳዎችም ሆዱን የቆሰለ ወታደር ሳይቀደድ ይተዋል። ይህን ልማድ ካፈረሱት አንዷ ሩሲያዊቷ ቀዶ ሐኪም ቬራ ጌድሮይትስ ስትሆን በ1904ና በ1905 በሩሲያና በጃፓን ጦርነት ለቀዶ ጥገና በተዘጋጀ የባቡር ፉርጎ ውስጥ ሆዳቸው የተመታ ወታደሮችን በቶሎ እየቀደደች ብዙዎቹን አዳነች። ሐኪሙ ወደ ቁስለኛው ሄደ ማለት ነው።

የኛ ባቡር ግን ሰውን ወደ ሐኪም የሚወስድ እንጂ ሐኪምን ወደ ሰው የሚያመጣ አልነበረም። የጅቡቲው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። 784 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ፣ ሌሊት አይጓዝም ነበርና፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። የታመመ ትርፍ አንጀት ብዙውን ጊዜ ለመፈንዳት የሚወስደው ጊዜም ከአንድ ቀን እስከ ሦስት ቀን ነው። ለቅሎና ለግመል መንገድ ይህ ባቡር ታላቅ ለውጥ ነበር፤ ለሆድ ገበር ግን ገና ዘገምተኛ ነበር።

እስካሁን የተናገርነው ቀዳዳ ስላለው ሕመም ነው። ቀዶ ሐኪሞችን ከሁሉ ይበልጥ ያስገረማቸው ግን ሆድ ተከፍቶ መግል ሞልቶ ሲገኝ፣ ጨጓራው፣ አንጀቱና ትርፍ አንጀቱ ሁሉ ደኅና ሲሆን ነው። ባክቴሪያው ከሌላ ስፍራ፣ ከጉሮሮ ወይም ከቁስል በደም ተጉዞ፣ በሴቶችም በማሕፀን ቱቦ አልፎ ገበሩን ይይዛል። ጉበቱ በቆየ ሕመም የተጎዳና ሆዱ ውኃ የቋጠረ ሰው ላይ የሚደርሰውን ዓይነት ሃሮልድ ኮን በ1964 ስም ሰጥቶ አስረድቶታል፤ ዛሬም የሚበዛው እርሱ ነው። ምንም ቀዳሚ ሕመም በሌለው ጎልማሳ ላይ መድረሱ ብርቅ ነው፤ ግን ይደርሳል፤ የሚያደርሱትም አብዛኛውን ጊዜ የሳንባ ምች ባክቴሪያና ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው የጉሮሮ ባክቴሪያ ናቸው።

ይህ ብርቅ ነገር የሕክምናን ታሪክ ለውጧል። በ1847 በቪየና ያኮብ ኮሌችካ የተባለ የአስከሬን ምርመራ ሐኪም አንድ ተማሪ ጣቱን በቢላዋ ጫረው። ጤነኛ ሰው ነበር፤ በቀናት ውስጥ ሞተ። አስከሬኑ ሲከፈት የሆድ ገበሩ፣ የሳንባውና የልቡ ሽፋን ሁሉ መግል ይዞ ተገኘ። ወዳጁ ኢግናስ ሴመልቫይስ የምርመራውን ጽሑፍ ሲያነብ ነገሩ በወሊድ ክፍል ከሚሞቱት እናቶች ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ተረዳ። በሐኪሞች እጅ ከአስከሬን ወደ እናቶች የሚተላለፍ ነገር አለ አለ፤ በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በክፍሉ በ1846 ከ100 እናቶች ከ11 የሚበልጡ ይሞቱ የነበረው በ1848 ወደ አንድ ገደማ ወረደ። ባክቴሪያውን ግን አላየውም። በ1879 በፓሪስ ስለ ወሊድ ትኩሳት ክርክር ሲደረግ ፓስተር ተነሥቶ፣ እንደ መቁጠሪያ የተያያዙትን ነቁጦች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሎ አሳየ። ሰሌዳና ጠመኔ ከሰጡት ታላላቅ አገልግሎቶች አንዱ ይህ ይመስለኛል። ለእናቶቹ የሚሆነው መድኃኒት፣ የሰልፋ ዓይነቱ ፕሮንቶሲል፣ የተገኘው ግን በ1930ዎቹ ነው፤ በለንደን ሌናርድ ኮልብሩክ በ1936 በወላዶች ላይ ውጤቱን አሳየ። ከዚያም ፔኒሲሊን መጣ። ቀዳዳ ለሌለው ዓይነት እነዚህ በእርግጥ አዳኞች ሆኑ። ቀዳዳ ላለው ግን መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፤ ምንጩ ካልተደፈነ መግሉ ይመለሳል።

ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ ዘገምተኛው፣ የነቀርሳው ነው። በቀናት ሳይሆን በሳምንታትና በወራት ይመጣል፤ ሆድ ቀስ እያለ ይነፋል፣ ማታ ማታ ያተኩሳል፣ ሰውየው ይከሳል። የጉበት ሕመም ወይም ዕጢ ነው ተብሎ ይታለፋል። በ1862 በለንደን ስፔንሰር ዌልስ የእንቁላል ዕጢ ያለባት መስሎት የአንዲትን ሴት ሆድ ሲከፍት ገበሯ በነቀርሳ ተወርሮ አገኘው፤ ምንም ሳያደርግ ውኃውን አፍስሶ ሰፋት፤ ሴትዮዋ ዳነች። ከዚህ የተነሣ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት የነቀርሳ ሆድን እየከፈቱ መዝጋት ፈውስ ነው ብለው አመኑ። ዛሬ የታወቁት የነቀርሳ መድኃኒቶች ለ6 ወር ሲወሰዱ አብዛኛውን ሰው ያለ ቢላዋ ያድናሉ።

በዚህ ረገድ ጅቡቲ በሳይንስ ዓለም የተለየ ስፍራ አላት። ነቀርሳ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ከመሆኗም በላይ፣ ከተለመደው የሚለይ የነቀርሳ ባክቴሪያ ይገኝባታል። ይህን ዓይነት በ1969 መጀመሪያ የለየው በፓሪስ ይሠራ የነበረው ዦርዥ ካኔቲ ሲሆን ባክቴሪያውም በስሙ ተጠርቷል። ከዚያ ወዲህ ከተገኙት ናሙናዎች አብዛኞቹ ከጅቡቲ የመጡ ናቸው፤ የያዛቸውም ብዙዎቹ ጤነኛ የነበሩ ሰዎች ናቸው። በ2013 የታተመ የዘር ምርመራ ይህ ባክቴሪያ ነቀርሳ በዓለም ሳይሠራጭ ለነበረው ጥንታዊ መልክ የቀረበ መሆኑን አመልክቷል። ስለዚህም ነቀርሳ ከአፍሪቃ ቀንድ ተነሥቶ ይሆናል የሚሉ ሊቃውንት አሉ።

የቀዶ ጥገናው መንገድ በአገራችን እያጠረ የመጣው በዝግታ ነው። በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ በ1960ዎቹ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ። በኤድንብራ የሠለጠኑት ፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስም ለዚህ ፋኩልቲ ከደከሙት ኢትዮጵያውያን ቀዶ ሐኪሞች ቀዳሚው ናቸው። በ2000ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ደግሞ ጤና መኰንኖችን ለድንገተኛ ቀዶ ጥገና የሚያሠለጥን ፕሮግራም ተጀመረ፤ ምጥ የጠናባትን ከማዋለድ ጀምሮ ትርፍ አንጀት ማውጣትና የተጠመዘዘ አንጀት መፍታት በወረዳ ሆስፒታል እንዲቻል ነው። ሐኪሙ ወደ ሰው የሚሄድበት መንገድ ይህ ነው።

በጅቡቲ ከተማ ደግሞ ነገሩ በኪሎ ሜትር ሲለካ ቀላል ይመስላል። ሆዳን የሚባለው ሰፈር በባልባላ በኩል፣ ከአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ማዶ ነው፤ ስሙ በሶማልኛ ባለጸጋ እንደ ማለት ነው። ባልባላ ያደገው ፈረንሳዮች ከ1966 በኋላ ወደ ከተማይቱ የሚገባውን ሰው ለማገድ ካቆሙት የሽቦ አጥር ውጭ ነበር። ታላቁ የፔልቲዬ ሆስፒታል ያለው ከወንዙ ወዲህ፣ በአሮጌው ከተማ ነው። በኋላ በባልባላም ሆስፒታል ተሠርቷል። አምቡሊ በዓመቱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው፤ መኪና ያልፈዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በኤፕሪል 2004 ግን ሌሊት በወረደ ጎርፍ ሞልቶ ብዙ ሰው ገደለ፤ በኖቬምበር 2019ም ከተማይቱ እንደገና በጎርፍ ተጥለቀለቀች። እንዲህ ባለ ሌሊት በሆዳን ትርፍ አንጀቱ የፈነዳ ሰው ቢኖር፣ ከእርሱና ከፔልቲዬ መካከል ያለው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ጥቂቱን ኪሎ ሜትር ግን ወንዙ እስኪጎድል ድረስ መሻገር አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል።